አቶ ዋቅወያ ደረሳ፦ ሳይጨርሱት የቀሩት ጥናት

አቶ ዋቅወያ ከአባታቸው ከአቶ ደረሳ ጉዲና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ኢጃራ በሲሬ ከተማ አጠገብ በ1960 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በሲሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተምረው፣ በሥራ አመራር ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ በ1984 ዓ.ም. በመንግሥት ሥራ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ምድባቸው ጊዳ አያና ነበር። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ ገበያ በሚነገርበት በዚያ አገር እያገለገሉ፣ ዲፕሎማቸውን በርቀት ትምህርት ወደ ዲግሪ አሳደጉ። በ1996 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ተዛውረው የሰው ኃይል አስተዳደር ቡድን መሪ ሆኑ።

በ1990 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድበው ከመጡት መምህርት ከወይዘሮ አዜብ ይርዳው ጋር ተጋብተው አንድ ልጃቸውን ኬኔን ወልደዋል። ወይዘሮ አዜብ በ2008 ዓ.ም. በሞት ተለዩ፤ ኬኔም ብዙም ሳትቆይ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄደች። ከዚያ በኋላ አቶ ዋቅወያ ሬዲዮኑን ከፍተው ወደ ጓዳ የመግባት ልማድ አመጡ። ጎረቤት “እንግዳ አለብዎት እንዴ?” ሲላቸው “አለብኝ፤ ሲያወራ ይውላል፣ እኔን ግን አይሰማኝም” ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመሩ። በልጃቸው ዕድሜ ያሉት የክፍል ጓደኞቻቸው “ኦቦ፣ ጡረታዎን በዲግሪ ሊያደርጉት ነው?” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ከትምህርቱ ሁሉ ልባቸውን የያዘው የምርምር ዘዴ ነው። ማን ይጠየቅ፣ ጥያቄውስ መልሱን ሳይጠቁም እንዴት ይነገር የሚለውን ሲማሩ፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ ለካ መልሱንም አብሬ እሰጥ ነበር” አሉ።

ለመመረቂያ ጥናታቸው ገበሬው ከቀበሌው በሚያገኘው አገልግሎት ምን ያህል እንደሚረካ ለመጠየቅ ጊዳ አያናን መረጡ። በዚያ ገጠር የመንግሥት ሰው የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳያስከትል የሰው ደጅ ቢረግጥ እንደ ንቀት ይቆጠራል። እሳቸውም በወጉ መሠረት ሊቀመንበሩን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ፤ መልሱ ሁሉ “በጣም ረክቻለሁ” ሆነ። ደስ ብሏቸው ከሸዋ ለመጡት ወጣት አማካሪያቸው ለመምህር እስክንድር አሳዩ። መምህሩ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ጋሼ፣ ሲጠይቋቸው አጠገብዎ ማን ነበር?” አሏቸው።

“ሊቀመንበሩ።”

“ታዲያ እሱ ተቀምጦ ማን ያማዋል?”

አቶ ዋቅወያ በ2012 ዓ.ም. ብቻቸውን ተመለሱ። መጀመሪያ እርጎ እንጂ መልስ አላገኙም። ሲመላለሱ ግን ሰዉ ለመዳቸው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ወይዘሮ ቀለሟ ስቀው፣ “አይ የኔ ጌታ! ያን ጊዜማ ዳኛውን ይዘህ መጥተህ ስለ ዳኛው ጠየቅከኝ፤ ምን ልበልህ ኖሯል?” አሏቸው። ከዚያም ባላቸው በሕይወት ሳሉ የጀመሩት የመሬት ማረጋገጫ ጉዳይ ባላቸው ከሞቱም በኋላ እንዳላለቀ ነገሯቸው። ጎረቤቶቻቸውም፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። የቀደመው መልስ ሁሉ ፈረሰ።

ግማሹን ሳያዳርሱ ግን በአካባቢው ግጭት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ የጠየቋቸውም ያልጠየቋቸውም ሰዎች ተበተኑ። የማስረከቢያው ጊዜ ቢራዘምላቸውም መንገዱ አልተከፈተም። በመሥሪያ ቤታቸው ደግሞ አዲስ ምደባ እየቀረበ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው የቡድን መሪነቱን ያጣል። መምህር እስክንድርም አዝነውላቸው፣ “ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ያስገቡና ይመረቁ፤ የተሟላው እሱ ነው” አሏቸው። በ2014 ዓ.ም. ተምራ የተመለሰችው ኬኔም፣ “አባ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔ በተማርኩበት አገርም ያው ነው” ብላ ለመነቻቸው።

“ኢንተላኮ፣” አሏት፣ “ልጄ፣ ቤታቸው ጠፍቶ ሜዳ ላይ ያሉትን ሰዎች ‘በጣም ረክተዋል’ ብዬ ልፈርምባቸው?”

አላስገቡም፤ አልተመረቁምም። በምደባው ራሳቸው ሥራ ያስተማሩት ሰው አለቃቸው ሆነ። ልክ ሠርተው ይሁን ወይስ እልከኛ ሆነው፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ እዚህ ላይም ተስማምተናል ብሎ መጻፍ እሳቸውን አያከብርም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተፈናቃዮች ወደተጠለሉበት በባጃጅ፣ አንዳንዴም በሚኒባስ እስከ ሲሬ ድረስ፣ ብቻቸውን እየሄዱ የጥናታቸውን ሰዎች ያፈላልጉ ነበር። ጥቂቶቹን አገኙ። ሲያገኟቸው ግን ስለ አገልግሎት መጠየቁ አሳፈራቸው፤ አብረዋቸው ተቀምጠው ብቻ ይመለሱ ነበር። ወይዘሮ ቀለሟን አላገኟቸውም። ኬኔ “እንዴት ዋልክ?” ስትላቸው “ሰው ሳጣ” ይሏት ነበር።

አቶ ዋቅወያ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በነቀምቴ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። ልጃቸውን ኬኔን እና ወንድማቸውን አቶ ኢቢሳን ትተው አልፈዋል።

ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ መርዶ አድርሰናል። ለእነዚያ ለጥናቱ ሰዎች ግን የት እንዳሉ ስለማናውቅ ማድረስ አልቻልንም። ከመካከላችሁ የሚያውቃቸው ካለ፣ ዋቅወያ ፍለጋቸውን ያቆሙት ሞተው እንጂ ታክቷቸው እንዳልሆነ ይንገርልን።

ጌታ ነፍሳቸውን ሰው በማይጠፋበት ቤቱ ያሳርፍልን።