የሐጃ ሲራድ በር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እማዬ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዛሬማ ደስታዬ አልያዝ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በኃላፊነት የያዝኩት የመጀመሪያ ቤት አለቀ! የቤቱ ባለቤት ዴቆ ቦስተን ያደገች ናት፤ አሜሪካ ገና አገር ስትሆን ከተሠሩት የጡብ ቤቶች የአንዱን ፎቶ አምጥታ «ቁርጥ ይህን የመሰለ» አለችኝ። የእነዚያ ቤቶች ፊት፣ አባባ፣ ወረቀት አጥፈው የቆረጡት ይመስላል፤ በሩ መሀል ላይ፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል፣ ከበሩ በላይ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ግማሽ ክብ መስታወት። ግማሽ ክቡን ያወጣሁት እርስዎ ባስተማሩኝ በምስማርና በሲባጎ ነው።

ግድግዳው ሲቆም እናቷ ሐጃ ሲራድ መጡ። ከመግቢያው ቆመው ወደ ውስጥ አዩና፣ ወንድ እንግዳ በመጣ ቁጥር እስከ ማዕድ ቤት ሊያየኝ ነው? የሴት በር ለብቻው ካልተከፈተ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም ብለው ሄዱ። ግራና ቀኙም ኋላውም የጎረቤት አጥር ስለሆነ በር የሚወጣው ከፊት ብቻ ነው። ዴቆ ደግሞ አንድ በር ከጨመርክ ፊቱ ይንጋደዳል አለች። ቤቱ የሚሠራው ለእናቷ፣ እናቷ የማይገቡበት! ሥራው ሁለት ሳምንት ቆመ፤ እኔም ተባረርኩ ብዬ ሻንጣዬን ማየት ጀመርኩ።

ቢቸግረኝ ፎቶውን ሳገላብጥ አንድ መስኮት ዝግ ሆኖ አየሁ። ዴቆን ብጠይቃት፣ ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነው፣ የጥንቶቹ ግንበኞች ፊቱ እኩል እንዲሆን ብለው ያደረጉት ነው አለችኝ። ታዲያ ምን ቸገረን! በቀኝ ለሐጃ እውነተኛ በር ከፈትኩ፤ በግራ አምሳያውን አቁሜ ኋላውን በግንብ ደፈንኩት። ወተት ሻጯ እስከ ዛሬ የውሸቱን ታንኳኳለች።

ጁምዓ ዕለት ሐጃ ሊገቡ መጡ። ሁላችን በቀኙ በር ተሰልፈን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው በመሀሉ ገቡ! የራሴ በር ካለኝማ በፈለግኩት እገባለሁ አሉ። ዴቆ አለቀሰች፤ የእኔም ልብ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ እማዬ ትዝ አለችኝ። አይቆጡኝና፣ ለኮምቦልቻ ሰው ሁሉ በር እየሠሩ፣ እሷ የጓሮ በር ስትለምንዎ «ቆዪ» ካሉ ስንት ዓመት ሆነዎት?

ለእህቴ ለዊዳድ፣ ለባለቤቷ ለኢዘዲን፣ ለአክስቴ ለፋይዛ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእማዬ ደግሞ፣ ለዒድ ስመጣ መዶሻና መሮዬን ይዤ ነው፣ ግድግዳው የት ጋ እንደሚከፈት መርጣ ትጠብቀኝ ይበሉልኝ። መዝጊያውን ከአሁኑ ይጀምሩት።

ልጅዎ ሐቢብ
ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.