የማይከፈቱት መስኮቶች

ጋሼ፣ ካርዱ ላይ የሚያዩት ባለመስታወት ሕንፃ በእኔ ጥናት የተሠራው ነው። ኃይል ይቆጥባል ብዬ መስኮቶቹ እንዳይከፈቱ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጎበኘው ስገባ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የአደጋ መውጫውን በር በባልዲ ደግፋ ከፍታ አየር ስትቀበል አገኘኋት።

«ይምጡ አባባ፣ እርስዎም ይተንፍሱ። ይሄን የሠራው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ውሎበት ቢሆን!» ብላ ሳቀች።

አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ተነፈስሁ። እርስዎ የቤተ ሙከራችን ቴክኒሻን ሳሉ፣ ክፍሉ ሲሞቅ መስኮት ይከፍቱ ነበር፤ እኔ ደግሞ «የሙቀት ልኬቴን አበላሹብኝ» ብዬ እቆጣ ነበር። «ሰው ሲታፈን መክፈቱ አይቀርም» ያሉኝንም ከጥናቱ አውጥቼ ጣልሁት። በሚቀጥለው ወር ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ እወጣለሁ፤ የማስተካክልበት ጊዜ አልቋል።

እትዬንና የልጅ ልጆችዎን ይሳሙልኝ። ይቅርታውን ግን በካርድ አልልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።