የሚሳም እንጂ የማይነበብ የጉድጓድ ውል

ንፋስ መውጫ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች አበጀ፣
የላይ ሰፈር ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበርና የጉድጓዱ ውል ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ፣ የጥር ወር ውርጭም ጉልበትዎን እንዳይነካው ከልብ እመኛለሁ። በእጅዎ ልሰጥዎ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀት የሚባል ነገር ከእርስዎ እጅ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሰው ዓይን እንደማያይ ስለ ተረዳሁ፣ ይህ አንዱ እንኳ ሳይነበብ እንዳይቀር ብዬ ከበሩ ላይ ለጠፍሁት።

እኔ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው መሆኔን ያውቃሉ። የጉድጓዱንም ውል የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከጓሯቸው ቆርሰው የጉድጓዱን ቦታ ለማኅበሩ ሲሰጡ፣ በምላሹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ወረፋ ሳይጠብቁ ውሃ እንዲቀዱ። ይህንኑ በሦስተኛው ቁጥር ጻፍሁት፤ እርሳቸው በአውራ ጣታቸው፣ እርስዎም በብዕርዎ ፈረማችሁ። ዛሬ ግን የጉድጓዱ ዘበኛ ከበር ይመልሳቸዋል፤ ምክንያቱም እርስዎ «በውሉ መሠረት የሚቀዳው የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ የሆነ ሰው ብቻ ነው» ብለው አዘዋል። የእርሳቸው ቤት ክዳን ሣር ነው። በሰባ ዓመታቸው እንስራ አዝለው ታችኛው ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ። እንግዲያውስ ውሉ ይነበብ ብለን ጠየቅን፤ ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ውሉን እሳትና አይጥ እንዳያገኘው አስበው በቀይ ግምጃ ጠቅልለው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በአደራ ስላስቀመጡልን እጅ ነሥተን እናመሰግናለን። በእርግጥም አይጥ አላገኘውም። እኛም አላገኘነውም።

፪ኛ፤ በኅዳሩ ስብሰባ ብዙ ከለመንንዎ በኋላ ውሉ እንዲመጣ ፈቀዱ። ቄሰ ገበዙ ያንን ጥቅል በሁለት እጃቸው አቅፈው ሲገቡ፣ ከዕቃ ቤት የወጣ ግምጃ ያየ ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ጋቢያችንን አጣፍተን ተነሣንና በየተራ ተሳለምነው። እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ የጻፍሁትን የጉድጓድ ውል፣ ግንባሬን አስነክቼ ሳምሁት። ሳይነሡ የቀሩት ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ ሰዒዳ ብቻ ናቸው፤ እስላም ናቸውና አልተሳለሙም፣ ግን «ደግሞ ይኼ የምን መጽሐፍ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ነው ነገሩ የተገለጠልን። ቄሰ ገበዙም እንደ እኛው ደነገጡ፤ አደራ ተባሉ እንጂ ምን እንዳቀፉ የነገራቸው አልነበረም። እኛ በኀፍረት መሬት መሬት ስናይ፣ እርስዎ «ተሳልማችኋል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጥቅሉን ወደ መጣበት መለሱት። ስለ በረከቱ እናመሰግናለን።

፫ኛ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝና የውሉን ቃል ላስረዳ ብዬ ብነሣ፣ «አንተ ጻፍኸው እንጂ አላነበብኸውም» አሉኝ። ሃያ ዓመት ከዳኛና ከጠበቃ ደጅ ስውል እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብበት ሰነበትሁ፤ ምናልባት ስጽፍ ዓይኔን የመጨፈን ልማድ ይኖርብኝ እንደሆነ ባለቤቴንም ጠየቅኋት።

፬ኛ፤ በቅሎዎ በየማለዳው ወረፋ ሳትጠብቅ ከጉድጓዱ ትጠጣለች። ይህን ለክስ አላነሣሁትም። የጋጧ ክዳን ቆርቆሮ ስለሆነ የማኅበሩን ደንብ አሟልታለች።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በትሕትና ጻፍሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከወንዝ ሲመለሱ አዳልጧቸው ወደቁ፤ እንስራቸው ተሰበረ፣ ክርናቸውም ተላጠ። የወደቁት ከጉድጓዱ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ በገዛ ጓሯቸው ጥግ ነው። ደግፌ ሳነሣቸው «ምን ብለህ ነበር የጻፍህልኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ተናደድሁ፣ አፈርሁም። ቃሉን አስታውሰዋለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ በግምጃ የጠቀለሉትን እኔ በአፌ ልፈታው አልቻልሁም። ከእርስዎ የሚፈለገው ብዙ አይደለም፤ ያቺን አንዲት ወረቀት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ብቻ ነው። ዓይንዎ ደክሞ እንደሆነ መነጽሬን አውስዎታለሁ።

የማኅበሩን ምስጢር ከማኅበርተኞቹ ሳይቀር ለመጠበቅ የተሰጠዎ ጽናት እስከ ሽምግልና አብሮዎት እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ በክብርዎ ፊት ጎንበስ ብዬ የምሰናበት፣

ጽፎ ያላነበበው አገልጋይዎ
ቀለመወርቅ ንጉሴ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ማስታወሻ፤ ይህን ጨርሼ ልለጥፍ ስነሣ ወይዘሮ ወለተ ማርያም አስጠርተው አንድ ነገር እንድጨምርላቸው አዘዙኝ። ማንም ያላየው ውል ቦታቸውን ሰጥተዋል ሊያሰኝ እንደማይችል አስበውበት፣ ትናንት ጓሯቸውን ጉድጓዱን ጨምረው በእሾህ አጥረዋል፤ መግቢያውም ከእንግዲህ በእርሳቸው ደጅ ነው። ቦታው የማኅበሩ ነው የሚል ሰው ካለ ውሉን ይዞ መጥቶ ከአንደኛው ቁጥር ጀምሮ ያንብብላቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያድርግ፤ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል።