የአባባ አምፕሊፋየር ድምፁን ሲያገኝ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአቶ በኃይሉ፦

እንዴት ሰነበቱ አባባ? የጉልበትዎ ሕመምስ ቀለል አለልዎት? የድሬዳዋ ሙቀት ሌላውን ሰው ሲያስቸግር ለእርስዎ መድኃኒት እንደሆነልዎት እህቴ ፅጌ ነግራኛለች፤ እንዲህ ከሆነ ጌታ ይመስገን። እማዬስ እንዴት ናት? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል? እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም። በስልክ ስንነጋገር ግማሹ አይሰማዎትም። ይህን ነገር ደግሞ በግማሽ እንዲሰሙት ስላልፈለግሁ፣ ፅጌ ቀስ ብላ እንድታነብልዎት በወረቀት ጻፍኩት።

ነገሩ ስለ አምፕሊፋየሩ ነው። አይደንግጡ፣ መጨረሻው ደስ ይላል።

የድሮ የመዘምራን ጓደኞችዎ የፊታችን እሁድ ለምስጋና ሊሰባሰቡ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ያለ በኃይሉ አምፕሊፋየር ጊታር አልነካም ብለው አሻፈረኝ ስላሉ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድነው። አልአዛር ሶኬት ላይ ሲሰካው ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ቀየረበት፤ እሱም ተቃጠለ። ከዚያማ ልጅዎን ያውቁታል፣ ፊውዙን በሽቦ ጠምጥሞ ሲሰካው ከጀርባው ጭስ ወጣ። ገመዱን ነቅዬ ጮኽኩበት። እሱ ግን ሆዱን አውጥተን እንጣልና አዲስ ካርድ እንክተትበት፣ ከውጭ ሲያዩት ያው ነው አለኝ። ሚሲዮኖቹ ሲሄዱ ለእርስዎ በአደራ የተዉትን ዕቃ እንዴት ብዬ ሆዱን አስወጣለሁ? እንቢ አልኩ።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውን የጋሽ አብዱልሃሚድን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያስታውሳሉ? ትልቋ ልጃቸው ሙንተሃ ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሱቁ ጓዳ ቁጭ ብላ ትጠግናለች። ባጃጅ ላይ ጭነን ወሰድንላት። በሽቦ የተጠመጠመውን ፊውዝ ስታይ አልአዛርን ቀና ብላ አየችውና “ፊውዙ የሚቃጠለው ሊነግርህ ነበር፤ አንተ አፉን ዘጋኸው” አለችው።

ሽፋኑን ከፍታ እኔ እጄን ልሰድ ስል “ተይ! ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ የተጠራቀመው ይገድላል” ብላ መለሰችኝ። ያን የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ስታስወጣ ግራ እጇን ከወገቧ ኋላ አድርጋ በቀኟ ብቻ ነበር የምትሠራው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሁለት እጅ ከነካ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋል አለችኝ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በበራ ቁጥር ያ እጅ ወደ ወገቧ ይመለሳል። አንድም ጊዜ ስትረሳ አላየኋትም።

ቫልቮቹን፣ እነዚያን አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው እየነቀለች ጨርቅ ላይ አስተኛቻቸው። ምትካቸውን ሀዋሳም አዲስ አበባም ጠይቀን አላገኘንም፤ አንዱ ከሞተ አለቀልን ማለት ነው። ገመዱንም በቀጥታ አልሰካችውም፤ መሃል ላይ ተራ የቤት አምፖል አስገባች። ውስጡ ችግር ካለ አምፖሉ ይደምቃል፣ ከሌለ ይደበዝዛል አለችን። ስትሰካው ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። “ትራንስፎርመሩ ደህና ነው” ስትል ሳላስበው “ተመስገን!” ብዬ ጮኽኩ። እሱ ተቃጥሎ ቢሆን ማን ይጠመጥምልን ነበር?

ቀጥላ ኤሌክትሪኩን ለሌሎቹ የምታቀርበውን አንዷን ቫልቭ ብቻ መለሰች፤ አምፖሉ ደመቀ። ወዲያው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትልልቅ ካፓሲተሮች አሳየችን፤ በእርጅና አብጠው ከሥራቸው ፈሳሽ አንጠባጥበዋል። ስትቀይራቸው አምፖሉ ደበዘዘ። እኛ አለቀ ብለን ተደሰትን፤ እሷ ግን ገና ፊቷን አልፈታችም።

እውነቷን ነበር። አምፖሉን አውጥታ ሁለቱን ትልልቅ ቫልቮች ስታበራቸው፣ ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ሆድ እንደ ፍም ይቀላ ጀመር። እኔማ ያማረበት መስሎኝ ነበር! እሷ “ወይኔ!” ብላ አጠፋችው። አልአዛር ቫልቩ ሞቷል፣ ከውጭ አገር እናስመጣ አለ። “ከመፍረዳችን በፊት ቦታቸውን እንቀያይራቸው” አለች። ቀያይራ ስታበራ አሁን የቀላው ያ የተጠረጠረው አይደለም፤ በእሱ ቦታ የገባው ደህናው ነው። ፈጥና አጠፋችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። “ጥፋቱ የተቀማጩ አይደለም፣ የወንበሩ ነው።” ከዚያ ቦታ ተነስታ መስመሩን ወደ ኋላ ስትከተል የጣት አንጓ የምታህል አሮጌ ካፓሲተር አገኘች። ማገድ የነበረባትን ኤሌክትሪክ እያሾለከች ቫልቩን ስታስጨንቀው ኖራለች። ያቺ ተቀየረች፣ መቅላቱም ቀረ። አባባ፣ እንዲህ ሳትገምት፣ ንጹሑን ሳትበድል ጥፋተኛውን ፈልጋ የምታገኝ ሰው አላየሁም።

በማግሥቱ ጋሽ ደሳለኝ ጊታራቸውን ይዘው ሱቁ ድረስ መጡ። ጣታቸው እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም፤ ሲጀምሩ ተሳስተው በራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ያ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ደጃፍ ተጠጋ። ጋሽ ደሳለኝ መሃል ላይ አቁመው መነጽራቸውን አወለቁና “በኃይሉ ከጀርባዬ የቆመ መሰለኝ” አሉ። አልአዛር ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ሙንተሃ ግን ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ሌላ ጉድለት ትፈልግ ነበር።

አሁን ከእርስዎ የምትፈልገው ነገር አለ። ውስጡን ስትመረምር ከፋብሪካ ያልመጣ አንድ ሽቦ አገኘች፤ ጨርቅ የለበሰ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ሄዶ በጥንቃቄ የተበየደ። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ከአባቴ በቀር ከፍቶት የሚያውቅ የለም አልኳት። “አንስቼ ስሞክረው ድምፁ ያጉረመርማል፤ ስመልሰው ጸጥ ይላል። ስለዚህ እንደነበረ ተውኩት። ግን እዚህ ቦታ መሆን እንዳለበት በምን አወቁ? ለተማሪዎቼ እሳቸው እንዳሉት አድርጌ ላስረዳ እፈልጋለሁ” አለችኝ። የሽቦውን ፎቶ አሳትማ ሰጥታኛለች፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። እባክዎ አባባ፣ አስታውሰው ለፅጌ ይንገሯትና ትጻፈው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር “ለአባትሽ ጻፍሽላቸው?” እያለች ታስቆመኛለች።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ፅጌን ስለ አንባቢነቷ ያመስግኑልኝ፤ ለባለቤቷ ለታደሰ አክብሮቴን ያድርሱልኝ፤ ትንሿን ቤተልሔምን እቅፍ ያድርጉልኝ። አልአዛር እጅ ነስቷል፣ ፊውዙን በሽቦ መጠምጠሙን ግን ባትነግሪብኝ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ፣ ጋሽ አብዱልሃሚድና ሙንተሃም ሰላም ብለውዎታል።

ልጅዎ ሮሆቦት በኃይሉ
ሀዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.