ጉበቴን በልኩ ያስለካሁበት ቀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የሩዙን አጨዳ ትቼ ከወረታ ባሕር ዳር ሄድሁ፤ ጉበቴን በኤምአርአይ አስለካሁ። ባለፈው ሳምንት ወረታ ላይ በአልትራሳውንድ ያየኝ ሐኪም «ጉበትሽ ስብ ይዟል፤ አረቄውን ተይ» ካለኝ ወዲህ ባሌ ከውጭ በገባ ቁጥር አፌን ያሸታል። እኔ እኮ አረቄ ቀምሼ አላውቅም!

ማሽኑ ውስጥ ተጋድሜ ትንፋሼን እንድይዝ ታዘዝሁ። መሃል ላይ ሳል አመለጠኝ።

«ምስሉ ትንሽ ደብዝዟል፤ ለግምት ግን ይበቃል» አለኝ ባለሙያው።

«ግምቱንማ ወረታም ነግረውኛል። ልኩን ነው የምፈልገው፤ ድገመው!» አልሁት። ደገመው። ደረቴ እስኪቃጠል ትንፋሼን ያዝሁ።

ስቡ በእርግጥም አለ፤ ትንሽም አይደለም። ውጤቱን ያነበበችልኝ የባሕር ዳሯ ሐኪም ግን «ማሽኑ መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የማይጠጣ ሰውም ይይዘዋል፤ ከስኳር ሕመም ጋር ሊያያዝ ይችላልና ሰኞ ስኳርሽን እንመርምር» አለችኝ። ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት።

ቤት ስገባ የውጤቱን ወረቀት ለባሌ ሰጠሁት። ደጋግሞ አነበበው።

«ታዲያ ስቡ አለ ማለት ነው» አለ።

«አለ፤ አልክደውም። ያልጠጣሁትን ግን ጠጣሁ አልልም።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰኞ አብሮኝ ይሂድ አይሂድ አላውቅም። እኔ ግን እሄዳለሁ።