ለአሜሪካ ኩባንያ የተላኩ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ

እህቴ ለሊሴ ዛሬ በአሜሪካ ዜና ታየች። በሁለት ፖሊሶች መሀል፣ እጇ ወደ ኋላ ታስሮ።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ግን ፊቷን እንጂ እጇን አላዩም። ከአጥሩ ማዶ "ለሊሴ! ለሊሴ በቴሌቪዥን!" ብለው ሲጮሁ ግማሽ ሱሉልታ ሰማ። ዜናው በየሰዓቱ ስለሚደጋገም እማዬና እኔ ሮጠን ደረስን። ጋሽ ተሰማ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው እንግሊዝኛ መስማት አይፈቀድለትም።

"አጅበዋት ነው" አሉ። "ትልቅ ሰው ሆናለች።"

"ጋሼ፣ እጇ እኮ ታስሯል።"

"ለጥንቃቄ ነው።"

ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ንገሪኝ፣ ሰውየው ምን ይላል?"

"ሁከት ፈጣሪዎች ይላል። መጋዘን በር ላይ ሁከት ፈጥረው ተያዙ ይላል።"

እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስለ እህቴ የተነገረው ይኸው ነው፣ አንድ ትንፋሽ። ቀጥሎ አንድ ሀብታም ለልጁ ሰርግ ደሴት ስለ መከራየቱ፣ ከነአበባው ከነኬኩ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ አወሩ።

ረቡዕ

ለሊሴ ስልክ አታነሳም። እማዬ ምግብ አትበላም። ሊያጽናኑን የመጡት ሰዎች ያሉት፦

"አሜሪካ ያለ ጥፋት አያስርም።" (ጋሽ ተሰማ፣ ሦስት ጊዜ)

"ዲቪው ለኔ ልጅ ወጥቶ ቢሆን አርፎ ይሠራ ነበር።"

"ግን ወፍራለች፣ ተመስገን።"

የገረመኝን ልጻፍ። የራሳችን ቴሌቪዥን ስለ አንድ ሰው ክፉ ሲያወራ እነዚሁ ሰዎች ይስቁና ጣቢያ ይቀይራሉ። የአሜሪካው ሲናገር ግን ለሊሴን፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓትን ልጅ፣ ባንድ ቀን ሁከት ፈጣሪ አደረጓት። ምስሉ ጥርት ስላለ ይሆናል።

ሐሙስ

ደወለች! ለጊዜው ለቀዋታል። የፊታችን ረቡዕ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዜግነት ገና ስላላገኘች፣ ከተፈረደባት ከአገር ሊያስወጧት ይችላሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። እሷ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሠራተኛ ዕቃ ከሚያመላልሰው ቀበቶ አጠገብ ወደቀች። ቀበቶውን አላቆሙትም። አለቃው "በጎን በኩል እለፏት" አለ። በማግስቱ እነለሊሴ ሥራ አቁመው ደጅ ቆሙ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲወድቅ ማሽኑ ይቁም። ለወደቀችው አምቡላንስ ዘገየ፣ ለቆሙት ግን ፖሊስ ወዲያው ደረሰ። ይህን ዜናው አልተናገረም።

"አሁን ካርዴ በሩን አይከፍትም" አለችኝ። "ዘበኛው ሦስት ዓመት ያየኛል፣ ስሜን አያውቅም።"

እኛ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ "ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ናት" እያልን ስንጎርር ነበር።

ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ጋሽ ተሰማ ስለ ሕግ የበላይነት ንግግር ጀመሩ። ኦቦ ገመቹ ግን "በሬ እንኳ ሲወድቅ ቀንበሩ ይፈታለታል" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "የመጋዘኑ ጌታ ማነው? ሽማግሌ ይላክበት።"

ሳቅሁ። እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ዓርብ

ቀልዳቸውን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ሥራ ሲገባ፣ ሁለቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ኦቦ ገመቹ ከወንዙ ዳር የነቀሉት እርጥብ ሣር በእጃቸው አለ። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ ፊት መንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ለአሜሪካ ይህን ማን እንደሚነግራት እንጃ።

የኩባንያውን ቁጥር ከኢንተርኔት አገኘሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ድምፁን ለቀቅሁት። ሴት ድምፅ ስትመጣ ሁለቱም ብድግ አሉ።

"ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም!" ጋሽ ተሰማ ናቸው።

"ጋሼ፣ ማሽን ናት።"

ኦቦ ገመቹ አልተቀመጡም። "ማል ጄቲ? ምን ትላለች?"

"ጥሪያችሁ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው ትላለች።"

"እግዜር ያክብርልን በያት።"

ሙዚቃ ተከፈተ። "ሰርግ አላቸው እንዴ?" አሉ ኦቦ ገመቹ። የማልስቅ መስሎኝ ነበር፤ ጋቢያቸውን አፌ ውስጥ ልከት ምንም አልቀረኝም። ሙዚቃው ግን አላልቅ አለ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታረቁ ሰውዬ ሣራቸውን ይዘው ለሙዚቃ ቆመዋል። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

በመጨረሻ ሰው አነሳ፣ ወጣት ሴት። በምችለው እንግሊዝኛ ስለ ሽማግሌዎቹም ስለ ለሊሴም ነገርኳት።

"ያዘዝሽው ዕቃ ቁጥር ስንት ነው?" አለችኝ።

"ዕቃ አይደለም። እህቴ ናት።"

"ቁጥር ከሌለሽ ልረዳሽ አልችልም።" እሷም የተጨነቀች ትመስላለች። ተዘጋ።

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ዛሬ ስለ ሕግ የበላይነት ምንም አላሉም።

"ባለቤቱን አቅርቡልን አላልሻትም?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ኦቦ፣ ባለቤቱን እሷም አይታው አታውቅም።"

ይህ ነው የከበዳቸው። ፊት የሌለውን ሰው እንዴት ይለምኑታል?

"ቶሌ፣ እሺ" አሉ። "ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተመልሶ አይቀርም። ደግመን እንመጣለን።"

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ሲቆሙ በእማዬ ስልክ በድብቅ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለለሊሴ ላክሁላት። አይታዋለች። አልመለሰችም። ተቀይማ ይሆን?

እማዬ "ትምጣ፣ ቤቷ አለ፣ ላም አለ" ትላለች። ለሊሴ ላም እንደምትፈራ ማን ይንገራት።

እሑድ

ከቤተክርስቲያን መልስ ፎቶ ደረሰኝ። የመጋዘኑ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ለሊሴ፣ አጠገቧ ደግሞ የወደቀችው ሴትዮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ሌሎችም የማላውቃቸው፣ ጥቁርም ነጭም። ሁሉም በሁለት እጃቸው ሣር ይዘዋል። ከኩባንያው ግቢ የተነጨ፣ በማሽን የተከረከመ፣ የጣት ቁመት የማያህል ሣር። ከኋላ ዘበኛው እየጮኸ ነው።

ከሥር ለሊሴ እንዲህ ጽፋለች፦ "ቪዲዮውን ለሁሉም አሳየኋቸው። ዘበኛው ሣሩን አትንኩ ይላል። ነገም እንቆማለን። እማዬን አታስለቅሺ።"

እማዬ አለቀሰች።

ስልኩን ለኦቦ ገመቹ ወሰድኩላቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ ደግሞ አስጠግተው አዩ። እንግዲህ ምርቃት ሊያወርዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ሣሩ አጭር ነው" አሉ። "እርጥብ ግን ነው።"

ረቡዕ ፍርድ ቤት ነው። ኦቦ ገመቹ ማክሰኞ ወንዝ ዳር ልወርድ ነው ብለዋል፤ እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ።