የአባባ አወራረድ

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ከወገብህ በላይ ማለቴ ነው፤ ከወገብህ በታች ያለውንማ ሚስትህ በስልክ ነግራኛለች። ሴራሚክ ስታነጥፍ ውለህ ስትነሳ ግድግዳ ይዘህ እንደምታቃስት፣ ሰው ሲያይህ ደግሞ ግድግዳው መድረቁን የምታይ እንደምትመስል ሰምቼ ስቄአለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሰሞኑንማ ፊቴ የሚቆም የለም።

ነገር ሳላንዛዛ ልጀምር። የጉልበት ኦፕራሲዮን ቀጠሮህን ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰርዝ ደውዬልህ ያልከኝን አልረሳሁትም። ቢላው በእጅሽ ሲሆን ደፋር ነሽ፣ እስቲ አንቺ ተጋደሚና ሌላ ሰው ይቁረጥሽ፣ ያኔ እናወራለን አልከኝ። በዚያ ላይ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብለህ ስቀህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ተቃጠልኩ! ስንቱን ጉልበት የሠራሁ ሐኪም፣ የገዛ ወንድሜ እንደ ሥጋ ሻጭ ሲያየኝ አያናድድም? አድሬበት ሳስበው ግን እውነትህን ነበር።

አባባ ከሰው ቤት ደረጃ ሲወርድ ትዝ ይልሃል? ድጋፉን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ባለቤቶቹ አዙሮ፣ ወደኋላ። ላስተናገደ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ይለን ነበር። እኛም አምነን በሄድንበት ቤት ሁሉ ወደኋላ ስንወርድ ሰው ቆሞ ያየናል፤ እማማ ደግሞ አስተዳደጌን እዩልኝ እያለች ትኮራለች። ጨዋነት አልነበረም ወንድም ጋሼ፤ ጉልበቱን አሞት ነው። ደረጃ ሲወርዱ የጉልበት ሎሚ የጭን አጥንት ላይ ክፉኛ ይጫናል፤ ወደኋላ ሲሆን ቀለል ይላል። ሰውዬው ሕመሙን ወግ አድርጎ አወረሰን። ጉልበቱንም ጨምሮ፣ ለሁለታችንም።

አንተስ ከእሱ በምን ተሻልክ? ሕፃን አየር ያስፈልገዋል እያልክ የልጅህ ሕንፃ በር ላይ ቆመህ የልጅ ልጅህን አውርዱልኝ ትላለህ አሉ። ልጅህ ከወለደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ አልወጣህም። አባዬ ቤቴን ናቀው ብላ እኔ ላይ ተንሰቅስቃለች። አትንገሪው ብላኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምስጢር እንደማይቋጠርልኝ ታውቃለህ።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር፣ አታቋርጠኝ። የሚያምህ ከሎሚው ጀርባ ነው። ሎሚው የጭን አጥንት ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ነው የሚንሸራተተው። ያንተ ወደ ውጭ ተስቦ የቦዩን አንድ ጎን እየፋቀ ልስላሴውን ጨርሶታል። እንቅስቃሴውን ሠራህ፣ መርፌውን ተወጋህ፣ ማሰሪያውን አጠለቅህ፤ እምቢ አለ። ለአንዳንዱ ሰው በውጭ በኩል የሚጎትተውን ጅማት ማላላት ይበቃዋል፤ ላንተ አይበቃም። ከሎሚው ሥር፣ ወደ ታች የሚይዘው ሌላው ጅማት የተተከለባት የአጥንት ጉብታ አለች። እሷን ከነጅማቷ ቆርጦ፣ ትንሽ ወደፊትና ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ በብሎን ማሰር ነው። ያኔ ሎሚው ከጭኑ አጥንት ላይ ቀና ይልና ጫናው ይቀንሳል። አንተስ ጎርበጥ ያለ ሴራሚክ ከላይ እየቀጠቀጥክ ታስተካክላለህ እንዴ? አንስተህ ከሥሩ ነው የምታበጀው።

አልዋሽህም፣ የልጅነት ጉልበት አይመለስም። ቀኑን ሙሉ መንበርከኩን ለሠራተኞችህ ተውላቸው፤ አንተ ቆመህ ተቆጣ፣ ቁጣ እንደሆነ አላነሰህም። ለሳምንታት በክራንች ትሄዳለህ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እሳት ናቸው፣ ከዚያ ይበርዳሉ። ትራሱን ከተረከዝህ ሥር አድርገው እንጂ ከጉልበትህ ሥር እንዳታደርገው፤ ሲያጓጓ ጉድ ነው። እንቅስቃሴ የምታሠራህን ሴትዮ መጀመሪያ ትረግማታለህ፣ በኋላ ትስማታለህ። ብሎኑ ብርድ ሲመጣ ያማል የሚሉህን አትስማቸው፤ ብርዱ መጥቶ ሄዷል፣ ምንም የለም።

እኔ አልነካህም፤ በዘመድ ላይ እጅ አይጸናም። የሚሠራህ መምህሬ ነው። ሲሠራ ትንፍሽ አይልም፣ መስፋት ሲጀምር ያፏጫል። ከመጋረጃው ወዲህ ተጋድሞ ያንን ፉጨት መስማት እንዴት ደስ እንደሚል!

ለሥልጠና ነው ብዬህ ከዓይንህ የጠፋሁባቸውን ወራት አትቀየመኝ። ጥሩ አድርገው አሠልጥነውኛል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ የክፍሌ ሰዎች ደረጃው አናት ድረስ ሸኙኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ እየቀለድኩ ወደኋላ ስወርድ፣ ጨዋታ አልጠግብ ያልኩ ይመስላቸው ነበር። ትናንት ደህና እደሩ ብዬ ዞርኩና፣ ድጋፉን ሳልነካ፣ ፊት ለፊቴን እያየሁ ወረድኩ። ዋና ነርሷ ከላይ ሆና ዛሬስ ጀርባሽን ሰጠሽን አለችና አጨበጨበች። እያለቀስኩ ስለነበር ዞሬ አላየኋትም።

አልጋህን አስይዤልሃለሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ናት፤ የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፣ ፍራሿም ደህና ነው። ስትድን ልጅህ ቤት አብረን እንወጣለን። ስንወርድ እኔ ከፊት እሆናለሁ፣ አንተ ትከተለኛለህ። ልጅህን ያህል ሰው ጀርባችንን ብንሰጣትም አባባ አይቀየመንም።

እስከዚያው ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ የልጅ ልጅህን እዚያው ቤቷ ታቅፈህ ለማስተኛት ያብቃህ። ሚስትህን ሳምልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ጮክ ብላ ታንብብልህ።

አንድ ጊዜ እንኳ የቀደመችህ፣
ታናሽ እህትህ